መልስ፦ አካታችነትን ከየት ልጀምር?

ሰላም! የዩኒቨርሲቲያችሁ የተማሪ ደኅንነትና አካታችነት ኮሚቴ ውስጥ ገብተህ «ከየት ልጀምር?» ብለሃል። ፖስተር ከመለጠፍ አትጀምር፣ እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ በዊልቸር ከሚሄድ ተማሪ ጋር አንድ ቀን ሙሉ ግቢውን ዙር። «ራምፕ አለን» ይሉሃል፤ በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበትን ተዳፋት ማለታቸው ነው። ለካው! በተለመደው መለኪያ 1 ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ከዚያ ካጠረ ራምፕ ሳይሆን መንሸራተቻ በለው።

ቀጥሎ ሃንድአውቶቹን፣ መምህራን ለተማሪ የሚሰጧቸውን የትምህርት ጽሑፎች፣ እይ። ማየት ለተሳነው ተማሪ ስልኩ ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ ግን ገጹ በፎቶ ተነስቶ የተላከ ፒዲኤፍ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። መምህሩ መጀመሪያ የጻፈበትን ፋይል ቢልክ አለቀ፣ በጀት እንኳ አይጠይቅም።

የምክር አገልግሎቱስ? ወረፋው ሰው በሚተላለፍበት ኮሪደር ላይ ከሆነ ማን ደፍሮ ይቆማል? ቀጠሮውን በስልክ አድርጉት።