«ማጣቀሻ የለውም» የተባለ ርዕስ

ጥያቄ፦ ወሎ ውስጥ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ትምህርት የማስተርስ ተማሪ ነኝ። በአያቴ አገር ሰዎች በየቤታቸው ያስቀመጧቸውን፣ በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ የአማርኛ መንዙማዎች ለመመረቂያ ጽሑፌ ላጠና አስቤ ነበር፤ አማካሪዬ ግን «ማጣቀሻ የለውም፣ ሌላ ርዕስ ምረጪ» አሉኝ። በትምህርት ክፍላችን ሴት መምህርት የለችም፤ ብዝኃነት እንዲሰፍን በየስብሰባው ይነገራል። የአንዲት ተማሪ ጥናት በዚህ ረገድ ምን ይፈይዳል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ክብርት ጠያቂያችን፣ የአማካሪዎ ሥጋት ከፊሉ ተገቢ ነው፤ «የወሎ አጀሚ ጽሑፎች» (በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ የሌላ ቋንቋ ጽሑፎች) ብለው ቢነሡ ሥራው አያልቅምና በአንድ ቤት ስብስብ ይወሰኑ። ማጣቀሻ የለም መባሉ ግን አያስኬድም። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን በአብዛኛው የነገሥታትን ዜና መዋዕል ይከተሉ በነበረበት ዘመን፣ ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ ስለ ወሎ ሼሆች፣ ነጋዴዎችና ባላባቶች ያጠኑትን በ1985 እ.ኤ.አ. በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት አቅርበዋል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና የጻፉት መጽሐፍም በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሟል። መነሻው እንግዲህ የተማሪ ጥናት ነበር።

ርዕሱ ብቻውን ግን ብዝኃነትን አያመጣም፤ ማን ያነባል፣ ማንስ ይተረጉማል የሚለው ይበልጣል። እንደ «ጨ» እና «ኘ» ላሉ ድምፆች ዓረብኛ የራሱ ፊደል ስለሌለው፣ ጸሐፊው እንደ ልማዱ ነጥብ ይጨምራል ወይም ተቀራራቢ ፊደል ይዋሳል፤ ይህን አጣርቶ የሚያነበው ደግሞ ዲግሪ ያለው ሁሉ ሳይሆን በቂርኣት (በእስልምና ትምህርት) ያደገ ደረሳ፣ ማለትም የሃይማኖት ተማሪ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «መረጃ ሰጪ» ብሎ በምስጋና ገጽ መሸኘት የተለመደ ቢሆንም (እኛ በበኩላችን ነውር ነው እንላለን)፣ እርስዎ ግን ፈቃዱን ጠይቀው የንባቡ ባለቤት እንደሆነ በስሙ ይጻፉ፤ የቀን አበሉንም በበጀትዎ ያካትቱ። በወዳጃ (በጋራ የዱዓ ስብሰባ) ላይ መንዙማውን በቃላቸው የሚሉ እናቶች ካሉ ዜማውንና አጋጣሚውን ከእነርሱ ይጠይቁ፤ ሴት መሆንዎም ከእነርሱ ጋር ለመቀመጥ ሳይጠቅምዎት አይቀርም።

የሴት መምህራን ቅጥር የአመራሩ ኃላፊነት ነው፤ የእርስዎ ጥናት አይተካውም።

ለአሁኑ ጽሑፎቹ ከቤታቸው ሳይወጡ፣ ባለቤቶቹን አስፈቅደው ሁለት ገጽ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ቅጂውንም ለእነርሱ ይተዉላቸው። ከዚያም ከደረሳው ጋር በግዕዝ ፊደል ገልብጠው ከፕሮፖዛሉ ጋር ለአማካሪዎ ያቅርቡ፤ ዓረብኛ የሚያውቅ ሁለተኛ አማካሪ እንዲመደብልዎትም በዚያው ይጠይቁ።