ተልባ እየጠጣሁ ኦሜጋ 3 ለምን አነሰኝ?

ከደሴ ከወጣሁ 22 ዓመቴ ነው። ኩሽናዬ ግን ዛሬም ወሎ ነው። ተልባ ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም። እማዬ እንዳሳየችኝ ምጣድ ላይ አመስ አደርገዋለሁ፤ መንጣጣት ሲጀምር አወርደውና ፈጭቼ፣ በውሃ በጥብጬ፣ በማር እጠጣዋለሁ። አምና ጣቴን ወግቼ የደም ጠብታ ለኦሜጋ 3 ምርመራ (ኦሜጋ 3 ከምግብ የምናገኘው የስብ ዓይነት ነው) በፖስታ ስልክ ጥሩ ውጤት ነበር የጠበቅሁት። የመጣው ከ4 በመቶ በታች ነው። ዝቅተኛ የሚባለው እሱ ነው። በጣም ደነገጥሁ።

እናንተም እንዳትደነግጡ ልንገራችሁ። ያ ምርመራ የሚቆጥረው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያሉትን ኢፒኤ እና ዲኤችኤ የሚባሉ ሁለት የኦሜጋ 3 ፋቲ አሲዶች፣ ማለትም ስብ የሚሠራባቸውን ክፍሎች፣ ነው። እነሱን በብዛት የምናገኘው ከባሕር ዓሣ ነው። ተልባ የሚሰጠን ኤኤልኤ የሚባለውን የኦሜጋ 3 ዓይነት ነው። ሰውነታችን ከዚያ ላይ ወደ ኢፒኤ የሚቀይረው ጥቂቱን ነው፤ ወደ ዲኤችኤማ ከዚያም ያነሰ። ተልባውን አትተዉ፣ ደግ ምግብ ነው። በዓሣ ቦታ ግን አትቁጠሩት። ሐይቅ ያደጋችሁ ደግሞ የሐይቁ ዓሣ ቆሮሶ ትዝ ይላችኋል፤ እሱም ቢሆን በኦሜጋ 3 ሰርዲንን አያህልም።

ደም የአገሩን ማዕድ ይመስላል። ባንግ እና ዳየርበርግ የሚባሉ የዴንማርክ ሐኪሞች በ1970ዎቹ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ግሪንላንድ ሄደው የአገሬውን ነባር ሕዝብ የኢኑይቶችን ደም መርምረው ነበር። ዓሣና የባሕር እንስሳ ሲበሉ የኖሩት ሰዎች ኢፒኤ ከዴንማርኮቹ በብዙ በለጠ። የእኛ ሰው ደግሞ የኑግ ዘይት ይዞ ይመጣል። የኑግ ዘይት አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ኦሜጋ 6 ማለት ነው። በኑግ ወጥ ያደገ ሰው ደሙ ውስጥ ሊኖሌይክ ቢበዛ ምን ይገርማል? ጂንም የራሱን ድርሻ ይጨምራል፤ አንድ ዓይነት ምግብ የበሉ ሁለት ሰዎች እኩል ቁጥር ላያመጡ ይችላሉ።

ጾሙን ሐኪማችሁ ላያውቀው ይችላል። ቅቤና ወተት ባለ 15 እና ባለ 17 ካርቦን ፋቲ አሲዶችን ደም ውስጥ ያስገባሉ። ተመራማሪዎች ሰው የወተት ስብ መብላት አለመብላቱን የሚያዩት በነሱ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በሆሣዕና ሰሞን የተቀዳ ደምና ከፋሲካ ሁለት ወር በኋላ የተቀዳው የሁለት ሰው ሊመስሉ ይችላሉ። ደግሞም የሰውነት ስብ ሁሉ እኩል አያስታውስም። ትራይግሊሰራይድ በሚባለው በደም ውስጥ በሚዘዋወረው ስብ ያለው የሰሞኑን ምግብ ነው የሚያሳየው። ቀይ ሴል 120 ቀን ያህል ስለሚኖር የወራቱን ይይዛል። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ዓመትና ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ ደም ከመስጠታችሁ በፊት በምን ዘይት እንደምታበስሉ፣ ጾም ላይ መሆን አለመሆናችሁን፣ ከአገር ቤት መቼ እንደተመለሳችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡት። እኔ አሁን ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ዘይት ቀንሳችሁ ለስላሳ የምታበዙም አላችሁ። ጉበት ከስኳሩ ራሱ ስብ ይሠራል፤ ፓልሚቶሌይክ የሚባለው ፋቲ አሲድ ደም ውስጥ ከፍ ማለቱ አንዱ ምልክቱ ነው።

እኔ በፍስክ ሳምንት ሁለቴ ሰርዲን በአዋዜ ጀመርሁ። በጾም ከባሕር አልጌ የሚሠራውን ዘይት እወስዳለሁ፤ ዲኤችኤ አለው፣ ከዓሣም አይመጣም። ከአራት ወር በኋላ ደግሜ ስመረመር ቁጥሩ 6 በመቶ ደረሰ። የሚመከረው 8 በመቶ ነው፤ ገና ይቀረኛል።

ካፕሱል የምትገዙ ከሆነ ግን ሽፋኑ ከምን እንደተሠራ አንብቡ። ብዙው ጄላቲን ነው፤ ከአሳማም ከበሬም ሊሆን ይችላል። ለሙስሊም ጎረቤቶቼም ለጾመኞቹም የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ በጠብታ የሚሸጠው ፈሳሽ ለሁላችንም ይቀላል።