ጓሮ የሚለቀቁ ዶሮዎችና የሰፈር ድመት፦ ጥያቄና መልስ

ዶሮ የሚያረባ ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ «ድመት ዶሮዎቼን ትበላብኝ ይሆን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ዶሮዎቹ ወጣ ብለው አፈር እንዲጭሩ፣ ፀሐይ እንዲሞቁ እንፈልጋለን። ድመቷ ደግሞ አጥር ላይ ቁጭ ብላ ታያለች። ብዙ ዓመት ዶሮ ስላረባሁ፣ ድመትም ስለምወድ፣ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በደስታ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ያሉኝ ዶሮዎች እንቁላል የሚጥሉ ትልልቆች ናቸው። የጎረቤት ድመት በየቀኑ መጥታ ታፈጥባቸዋለች። ልትበላቸው ነው?

አይመስለኝም። ድመት የምታድነው አይጥና ትንንሽ ወፎችን ነው። አብዛኛው ድመት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ኪሎ የምትሞላ ዶሮ ክንፏን ዘርግታ ፊት ለፊት ስትመጣበት ያስበዋል። አንዴ በመንቆር የቀመሰ ድመት ደግሞ ዳግመኛ ከሩቅ ነው የሚያልፋት። የሚያሰጋው ለድንክ ዝርያ፣ ለታመመች ዶሮ፣ ገና ላልጠነከረች ቄብና ከሁሉም በላይ ለጫጩት ነው።

የድመቷን ሁኔታ አስተውል። ተቀምጣ ወይም እጆቿን ከደረቷ ሥር አጥፋ የምታይ ከሆነ ለማየት ብቻ ነው የመጣችው። ሆዷን መሬት አስነክታ ካደባች፣ የጭራዋ ጫፍ ብቻ ከተወዛወዘ፣ ዓይኗም ከአንዲት ዶሮ ላይ አልነቀል ካለ አደን ላይ ናት። ያኔ ውጣና አባራት።

ጥያቄ፦ ሦስት ጫጩቶች ጠፉብኝ። ደም የለም፣ ላባ የለም። ሁሉም ሰው ድመት ነው ይለኛል። እውነት ድመት ነው?

ሊሆን ይችላል፣ ግን ቶሎ አትፍረጂ። ድመት ጫጩት አፏ ውስጥ አድርጋ ትሄዳለች፣ ምልክት አትተውም። ጭልፊትም እንደዚሁ ነው። ልዩነቱን ሰዓቱ ይነግርሻል። በጠራራ ፀሐይ፣ ገላጣ ቦታ ላይ ከጠፉ ወደ ሰማይ ተመልከቺ። ጎህ ሲቀድ ወይም ሲመሻሽ፣ ቁጥቋጦ አጠገብ ከጠፉ ድመትን ጠርጥሪ።

ሌሊት፣ በሩ እንደተዘጋ ከጠፉ ግን መጀመሪያ አይጥ ፈልጊ። አይጥ ጫጩቱን ወደ ጉድጓዷ ጎትታ ትወስዳለች። የቤቱን ወለል ጥግ ጥጉን በባትሪ እዪ። ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ፣ የተፈጨ የሚመስል አፈር፣ ጥቁር የሩዝ ፍሬ የሚያክል ኩስ ካገኘሽ ጥፋተኛው ተገኘ። ብዙ ዶሮ ተገድሎ ሳይበላ ከተተወ ውሻ ነው። አንገትና ራሳቸው ተነክሰው ከተገኙ ሽለምጥማጥን ወይም እሱን የመሰለ ትንሽ አውሬ አስቢ።

ይህን ያስረዘምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ድመት ነው ተብሎ አጥር ሲጠገን አይጧ ከሥር ጫጩቱን ስትጨርስ ብዙ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጫጩቶችን በስንት ጊዜያቸው ነው ያለ ስጋት መልቀቅ የሚቻለው?

ላባቸው የሚሞላው ወደ ስድስት ሳምንት ገደማ ነው። ለድመት ግን ያኔም ገና አጓጊ ናቸው። የምመክረው እስከ ሁለት ወር በላዩ የተከደነ ሽቦ ቤት ውስጥ እንዲውሉ፣ ከዚያ በኋላ ሰው ባለበት ጥቂት ሰዓት እንዲለቀቁ፣ ወደ ሦስት ወር ሲጠጉ ከትልልቆቹ ጋር እንዲቀላቀሉ ነው። ድንክ ዝርያ ከሆኑ ተጨማሪ ጊዜ ስጧቸው። ከቦታ ቦታ የሚነሳ፣ ወለል የሌለው ቀላል ሽቦ ቤት ሥሩላቸው። በየቀኑ ስታዛውሩት አዲስ ሣር ያገኛሉ፣ ከላይም ከጎንም ይጠበቃሉ።

ጥያቄ፦ እኔ እኮ ሽቦ አጥሬላቸዋለሁ። ግን ጠዋት ስነሳ አንዱ ጫጩት እግሩ ተቆርጦ አገኘሁት። ድመቷ በሽቦው ውስጥ እንዴት ገባች?

ድመቷ አልገባችም። እጇን ነው ያስገባችው። ጫጩቶች ሲተኙ ጥግ ይዘው ሽቦው ላይ ይደገፋሉ። ድመቷ በውጭ በኩል ቁጭ ብላ በጥፍሯ እየያዘች ትጎትታለች። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳይወጣ ነው የሚያግደው፣ አዳኝ እንዳይገባ አይደለም።

ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ በብየዳ የተሠራ፣ ቀዳዳው ከ13 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ጠንካራ ሽቦ ተጠቀሚ። ይህ የአይጥንም ነገር ያቀልልሻል። ሁሉንም ለመቀየር አቅም ካነሰ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ያለውን ብቻ ቀይሪ። ሁለተኛ፣ የሚተኙበትን ጥግ በጣውላ ወይም በቆርቆሮ ሸፍኚው። ድመቷ ካላየቻቸው፣ እጇም ካልደረሰባቸው ተስፋ ትቆርጣለች። መቀርቀሪያውንም እዪው። በመዳፍ ተገፍቶ የሚከፈት ከሆነ ድመቷ ልትከፍተው የማትችል ማያያዣ ጨምሪበት።

ጥያቄ፦ አጥሬ ሁለት ሜትር ሊሞላ ነው፣ ድመቷ ግን ትገባለች። ስንት ሜትር ላድርሰው?

ከፍታ መጨመር መፍትሔ አይሆንዎትም። ድመት ቆማ ከሜትር ተኩል በላይ ትዘላለች፣ የቀረውን በጥፍሯ ትቧጥጠዋለች። የሚሻለው ጫፉን ማበላሸት ነው። ከላይ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሽቦ ወደ ውጭ ያዘንብሉ፣ ግን አይወጥሩት። ክብደቷን ስታሳርፍበት ሲወዛወዝ ትመለሳለች። የሚሽከረከር የፕላስቲክ ቱቦ በሽቦ ላይ ሰክቶ አጥሩ አናት ላይ መዘርጋትም ይሠራል፣ ምክንያቱም ጥፍሯ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ከአጥሩ አጠገብ የተጠጋ ዛፍ ወይም የተከመረ እንጨት ካለ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። መጀመሪያ እሱን ያንሱ።

ጥያቄ፦ እናትየዋ ዶሮ ትጠብቃቸው የለም እንዴ?

ትጠብቃለች፣ ያውም በነፍሷ! ላባዋን ነፍታ፣ ክንፏን መሬት እያስነካች ድመት ስታባርር ያየ ሰው አይረሳውም። ችግሩ አሥር ጫጩት በአሥር አቅጣጫ መበተኑ ነው። አንዱን ስታድን ሌላው ይወሰዳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለእሷ ብቻ አትተዉላት።

ጥያቄ፦ አውራ ዶሮስ ይጠቅማል?

ይጠቅማል። አውራ ዶሮ ከሰማይ ለሚመጣና በመሬት ለሚመጣ አደጋ የተለያየ ድምፅ አለው። በምድር ለሚመጣው ደጋግሞ ይጮኻል፣ ሴቶቹም አንገታቸውን ቀጥ ያደርጋሉ። ይህን ድምፅ ከለመድሽው ቤት ውስጥ ሆነሽም ጓሮ ምን እንደገባ ታውቂያለሽ። ግን እሱ ማንቂያ እንጂ አጥር አይደለም።

ጥያቄ፦ በርበሬ መነስነስ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ናፍታሊን… የትኛው ነው የሚያርቃት?

ልጣጩ ጉዳት የለውም፣ ጥቅሙም ለጥቂት ሰዓት ነው። በርበሬ ዓይን ያቃጥላል፣ ዝናብ ሲመጣ ይታጠባል። ናፍታሊን ግን በፍጹም! ለድመትም፣ ለሕፃንም፣ ለዶሮም መርዝ ነው። ገንዘብ የምታወጣ ከሆነ እንቅስቃሴ ሲሰማው በራሱ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ ግዛ። ድመቷ በምትገባበት በኩል አስቀምጠው፣ በየጥቂት ቀኑም ቦታውን ቀያይር፣ አለዚያ ትለምደዋለች።

ጥያቄ፦ ትዕግሥቴ አልቋል። መርዝ ባስቀምጥስ?

እባክህ አታድርገው። መጀመሪያ ነገር ድመቷ ተፈጥሮዋን ነው የተከተለችው፣ በመርዝ የሚሞት እንስሳ ደግሞ ተሠቃይቶ ነው የሚሞተው። ሁለተኛ፣ መርዙ ድመቷ ጋ አይቆምም። አይጥ ትበላዋለች። የተመረዘችውን አይጥ ዶሮህ ካገኘቻት ትውጣታለች። ዶሮ አይጥ እንደምትበላ ብዙ ሰው አያውቅም፣ በደንብ ትበላለች። እንቁላሉን የሚበሉት ደግሞ ልጆችህ ናቸው።

ይልቅ ድመቷን ምን እንደሚስባት ፈልግ። ብዙ ጊዜ መነሻው መኖ ነው። የተደፋ መኖ አይጥ ይጠራል፣ አይጥ ድመት ይጠራል፣ ድመቷ ከመጣች በኋላ ጫጩቱን ታያለች። መኖውን ክዳን ባለው ብረት በርሜል አስቀምጥ። ማታ ማታ መመገቢያውን አንሳ።

ጥያቄ፦ ድመቷ የራሴ ናት። ጠግባ ነው የምትውለው፣ ግን ጫጩት ታሳድዳለች።

ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ። ረሃብና የማደን ስሜት የተለያዩ ናቸው፣ የጠገበችም ታድናለች። ቢሆንም መቀነስ ይቻላል። በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ ሥጋ የበዛበት የድመት ምግብ የተሰጣቸው ድመቶች ወደ ቤት የሚያመጡት ታዳኝ በ36 በመቶ ቀንሷል። በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያጫወቷቸው ደግሞ 25 በመቶ ቀንሰዋል። ላባ በገመድ አስረሽ አሯሩጫት፣ መጨረሻ ላይ ትያዘው፣ ከዚያ አብያት። ዶሮዎቹ በሚወጡበት ሰዓት ተኝታ ታገኛታለሽ።

ጥያቄ፦ ቃጭል አንገቷ ላይ ባስርላትስ?

በዚያው ጥናት ቃጭል ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ጫጩት ደግሞ ቢሰማም ምን እንደሆነ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ዶሮዬን ድመት ነክሳብኝ ቁስሉ ትንሽ ነው። ደርቃ ተኝታ ነበር፣ ሞተች ስል ተነሳች። ምን ላድርግላት?

ይህን ሳታሳድሪ አድርጊ። ደርቃ የተኛችው ከድንጋጤ ነው፣ ዶሮ ስትያዝ እንዲህ ትሆናለች። ስለዚህ ማንም ሰው ሞተች ብሎ ቶሎ አይጣል።

የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ነው። ላዩ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ሆኖ ውስጡ ጥልቅ ይሆናል። ቆዳው ሲገጥም ፓስቱሬላ ሙልቶሲዳ የተባለው ባክቴሪያ ውስጥ ይቀራል። ዶሮዋን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ላባዋን በጣትሽ ገልጠሽ ጀርባዋን፣ የክንፏን ሥርና የጭራዋን መነሻ ፈልጊ፣ ምክንያቱም የነከሰው ጥርስ አንድ ብቻ አይደለም። አፍልተሽ ባቀዘቀዝሽው አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 9 ግራም ያህል ጨው ሟሙተሽ ደጋግመሽ እጠቢው። ጨለም ያለ፣ ሞቅ ያለ ካርቶን ውስጥ ለብቻዋ አስቀምጫት። ሌሎቹ ዶሮዎች ደም ካዩ ይነቁሯታል። በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጃት፣ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል። እንቁላሏን መቼ መብላት እንደሚቻልም እዚያው ጠይቂ። አንቺም ድመቷ ቧጭራሽ ወይም ነክሳሽ ከሆነ በሳሙና ታጥበሽ ጤና ተቋም ታዪ።

ጥያቄ፦ ድመቶቹ የዶሮዎቹ መጫሪያ አፈር ላይ ይጸዳዳሉ። በሽታ አያመጣም?

ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሐዋሲ በድመት ኩስ ይወጣል፣ አፈር ውስጥም ለወራት ይቆያል። ዶሮ ስትጭር ትውጠዋለች፣ ብዙ ጊዜ ግን አያማትም። ሰው የሚይዘው ከኩሱ፣ ከአፈሩ ወይም በደንብ ካልበሰለ ሥጋ ነው። ሥጋው ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እስኪደርስ ከበሰለ አያሰጋም። እርጉዝ ሴት ያንን አፈር ያለ ጓንት አትንካ። በሌላ በኩል ድመትም ከዶሮ ይታመማል። በወፍ ጉንፋን የሞተ ዶሮ የበላ ድመት ሊሞት ይችላል። የሞተ ዶሮ ሜዳ ላይ አትጣሉ፣ ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩ።

ጥያቄ፦ የድመቷ ባለቤት ጎረቤቴ ናቸው፣ ትልቅ እናት ናቸው። እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

ጫጩት በጠፋበት ቀን፣ በንዴት አትሂድ። ቀን አሳልፍና ሂድ፣ ጥቂት እንቁላል ይዘህ። «እማማ፣ ጫጩቶቼ እስኪጠነክሩ ሁለት ወር ብቻ፣ ድመቷን ጠዋትና አመሻሽ ቤት ቢይዙልኝ» በላቸው። ለዘላለም እሰሩልኝ ከማለት ሁለት ወር መለመን ይቀላል። ያልተኮላሸች ከሆነች ማስኮላሸቱን አብራችሁ ተነጋገሩ፣ ዙረቷን ይቀንሳል። አንተም በበኩልህ ጫጩቶቹን በእነዚያ ሰዓታት አታውጣቸው። ፀሐይ ከፍ ስትል ልቀቃቸው፣ ጀንበር ሳታዘቀዝቅ አስገባቸው።

ጥያቄ፦ ዶሮዎቼ ማታ ዛፍ ላይ ነው የሚያድሩት። ይተዉ?

አይተዉ። ዶሮ በጨለማ በደንብ ማየት አትችልም፣ ድመት ዛፍ ትወጣለች። ለጥቂት ቀናት ቤት ዘግተሽ አውያቸው፣ ቆጡን ከፍ አድርገሽ ሥሪ፣ የማታውን መኖ እዚያው ስጫቸው። ከዚያ በኋላ ሲመሽ ራሳቸው ይገባሉ። ቆጥሮ መዝጋት ያንቺ ሥራ ነው።