ናይጄሪያና ጋና በማራኬሽ፤ ማን በተሻለ አቋም ላይ ነው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለተከበራችሁ የስፖርት ዓምድ አዘጋጆች። ናይጄሪያና ጋና በመጪው አርብ፣ መጋቢት 13 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በሞሮኮዋ ማራኬሽ የወዳጅነት ጨዋታ ያደርጋሉ። የሥራ ባልደረቦቼ ናይጄሪያ የአፍሪካ ዋንጫን ፍጻሜ የተጫወተች፣ ጋና ደግሞ ከምድቧ የወደቀች ስለሆነች ውጤቱ ከወዲሁ የታወቀ ነው ባይ ናቸው። እኔ ግን ናይጄሪያ ጋናን ስታሸንፍ አይቼ አላውቅም። ማናችን ልክ ነን? (አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ትዝታዎ አላሳሳተዎትም። ከማራኬሹ ጨዋታ በፊት ናይጄሪያ ጋናን ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈችው እ.ኤ.አ. በ2006 በግብፁ የአፍሪካ ዋንጫ 1 ለ 0 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በለንደን የወዳጅነት ጨዋታ 4 ለ 1፣ በ2008 እና በ2010 የአፍሪካ ዋንጫዎች ደግሞ 2 ለ 1 እና 1 ለ 0 ተረታለች። በ2022ም በአቡጃ 1 ለ 1 ተለያይተው፣ ጋና ከሜዳዋ ውጭ ባገባችው ግብ ወደ ኳታሩ የዓለም ዋንጫ አልፋለች።

ወቅታዊው አቋም ግን የባልደረቦችዎን ወገን ይደግፋል። ናይጄሪያ ኮትዲቯር ባስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ እስከ ፍጻሜው ባደረገቻቸው ስድስት ጨዋታዎች የተቆጠሩባት ግቦች ሁለት ብቻ ናቸው። ይህን ያህል የተደራጀ የናይጄሪያ መከላከል ካየን ቆይተናል፤ ግብ ጠባቂው ስታንሊ ንዋባሊና የመሐል ተከላካዩ ዊልያም ትሩስት-ኢኮንግ ታላቅ ምስጋና ይገባቸዋል። የሚያሳስበው የፊት መስመሩ ነው። እ.ኤ.አ. የ2023 የአፍሪካ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው ቪክተር ኦሲምሄን በውድድሩ አንድ ግብ ብቻ ሲያስቆጥር፣ ተከላካዩ ኢኮንግ ሦስት አግብቷል። አዴሞላ ሉክማን በካሜሩንና በአንጎላ ላይ ያስቆጠራቸው ሦስት ግቦች ባይኖሩ ኖሮ ስለ ፍጻሜ ባላወራን ነበር። በፍጻሜውም ናይጄሪያ 1 ለ 0 ከመራች በኋላ ወደ ራሷ የግብ ክልል አፈግፍጋ በኮትዲቯር 2 ለ 1 ተሸነፈች። ከዚያ ቀደም ብሎ በኅዳር ወር ከሌሶቶና ከዚምባብዌ ጋር በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ 1 ለ 1 መውጣቷም ሊዘነጋ አይገባም።

የጋና ሕመም ሌላ ነው፤ ጨዋታን መጨረስ አቅቷታል። በዚሁ የአፍሪካ ዋንጫ ጥር 13 ቀን ከሞዛምቢክ ጋር የተጫወተችውን ያስታውሱ። ጆርዳን አየው በሁለት የፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 አድርጎ፣ መደበኛው 90 ደቂቃ እስኪያልቅ ድረስ ጋና እየመራች ነበር። በጭማሪው ሰዓት መጀመሪያ ጄኒ ካታሞ ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ፤ ደቂቃዎች ሳይቆዩ ሬይኒልዶ ከማዕዘን የተሻማውን ኳስ በጭንቅላቱ ገጭቶ አገባ። በኬፕ ቨርዴ 2 ለ 1 የተሸነፈችውም በጭማሪ ሰዓት በገባባት ግብ ነው። ከግብፅ ጋር 2 ለ 2 ስትለያይ መሐመድ ኩዱስ ሁለት ጊዜ ቢያስመራትም፣ መሪነቱን ሁለቴም አላስጠበቀችም። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ጠባይዋን ቀደም ብለን እናውቀዋለን፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. በጆሃንስበርግ አንድሬ አየው በቅጣት ምት ካስቆጠረ በኋላ ጌታነህ ከበደ ነው ዋልያዎቹን አቻ ያደረገው።

ለዚህ ጨዋታ አሰልጣኞቹም ተቀይረዋል። ጋና ክሪስ ሂውተንን አሰናብታ፣ በአቡጃው ጨዋታ የመራትን ኦቶ አዶን መልሳለች፤ ናይጄሪያ ጆዜ ፔሴይሮ ከተለዩዋት በኋላ ረዳታቸው የነበረውን ፊኒዲ ጆርጅን በጊዜያዊነት ሾማለች። ሁለቱም ከቡድናቸው ጋር ጥቂት ቀናት ብቻ ስላላቸው አዲስ አጨዋወት አንጠብቅም።

በእኔ ግምት ናይጄሪያ በጠባብ ውጤት ታሸንፋለች። በወዳጅነት ጨዋታ ተጫዋቾች በብዛት ስለሚቀያየሩ ግን ከውጤቱ ይልቅ የመጨረሻዎቹን 15 ደቂቃዎች በትኩረት ይከታተሉ፦ ናይጄሪያ ከመራች ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች ወይስ ሁለተኛ ግብ ትፈልጋለች? ጋናስ ከማዕዘን የሚሻማ ኳስ ሲመጣባት ተከላካዮቿ ሰው ይዘው ይቆማሉ ወይስ ኳሱን ብቻ ያያሉ?