ወርቁን በየትኛው የጡረታ ሒሳብ ልያዘው?

ሰሞኑን አንዲት ነርስ «ጋሼ፣ ለጡረታዬ ትንሽ ወርቅ መያዝ ፈልጌ ነበር፤ ትራዲሽናል አይአርኤ ይሻለኛል ወይስ ሮት?» ብላ ጠየቀችኝ። አይአርኤ እዚህ አሜሪካ ሰው በራሱ ስም የሚከፍተው የጡረታ ሒሳብ ነው፤ በትራዲሽናል ግብሩ ገንዘቡ ሲወጣ ይከፈላል፣ በሮት ግን አስቀድሞ። የመሰለኝን ነገርኳት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ አንድ ሰው ትዝ አሉኝ።

እዚህ ሜሪላንድ ዕድሜያቸውን በፓርኪንግ ሥራ የፈጁ አባት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ አውንስ ወርቅ 1,900 ዶላር ገደማ በደረሰበት ሰሞን አንድ ሻጭ ደውሎ አግባባቸውና የ401ኬ (በአሠሪ በኩል የሚጠራቀም ጡረታ) ገንዘባቸውን በሙሉ ወደ ትራዲሽናል አይአርኤ አዛውሮ የወርቅ ሳንቲም አስገዛቸው። ለክፉ ቀን የሚሆን ጥሬ ገንዘብ እንኳ አላስቀረላቸውም። ያኔ ሕጉ 70 ዓመት ተኩል የሞላው ሰው ከትራዲሽናል በየዓመቱ የተወሰነ እንዲያወጣ ያስገድድ ነበር፤ ካላወጣ የጎደለውን ግማሽ ይቀጣል። እኔ ዘንድ የመጡት በ2015 ዲሴምበር ነው። የዓመቱ ቀነ ገደብ ሊያልቅ ቀናት ቀርተውታል፣ ወርቅ ደግሞ 1,060 አካባቢ ወርዷል።

«ልጄ፣ ትንሽ ብንታገስስ?» አሉኝ። ሕጉ አይታገስም። ሳንቲሙን ራሱን ማውጣት ይቻል ነበር፤ ግብሩ ግን በዶላር ነው የሚከፈለው፣ እሳቸው ኪስ ውስጥ ደግሞ ምንም የለም። ሳንቲም ተቆርጦ አይሸጥም፣ ስለዚህ ከሚፈለገው በላይ ሸጡ። ፊርማቸውን ሲያኖሩ አንድ ቃል አልተናገሩም። ያን ያህል ዓመት አንድ ሰፈር ኖረን ቀደም ብለን አለመገናኘታችን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በ2020 ወርቅ 2,000 ሲያልፍ ያሰብኩት እሳቸውን ነው።

ለዚህ ነው ለወርቅ ሮት የምለው። ግብሩን ዛሬ ትከፍላላችሁ፤ 59 ዓመት ተኩል ካለፋችሁና ሒሳቡ አምስት ዓመት ከሞላው ትርፉ ከፌዴራል ግብር ነፃ ይወጣል። በሕይወት እስካላችሁ ማንም «አውጣ» አይላችሁም። ትራዲሽናል ግን እ.ኤ.አ. በ1960 እና ከዚያ ወዲህ የተወለደውን 75 ዓመት ላይ ያስገድደዋል። የሚወጣውም እንደ ደመወዝ ይታያል፣ የፌዴራል ግብሩ እስከ 37 በመቶ ይደርሳል። ከጡረታ ሒሳብ ውጭ ከዓመት በላይ የተያዘ ወርቅ ትርፍ ላይ ግን የግብሩ ጣሪያ 28 በመቶ ነው። ይህን ሻጮቹ አይነግሯችሁም።

እናቴ ወርቋን በመሀረብ ቋጥራ ሳጥን ውስጥ ታኖር ነበር። አይአርኤ ጌጥ አይቀበልም፤ 99.5 በመቶ ንጹሕ ቡሎን (ጥፍጥፍ ወርቅ) ወይም እንደ አሜሪካን ኢግል ያለ ሳንቲም ነው የሚፈልገው፣ እሱም በተፈቀደለት ጠባቂ ድርጅት እጅ። ዛሬ ልጆች ቲክቶክ ላይ «ቤትህ አስቀምጠው» ሲባሉ ሳያጣሩ ያምናሉ፣ ይህ ያናድደኛል። በ2021 የታክስ ፍርድ ቤት የአይአርኤ ሳንቲሟን ቤቷ ያስቀመጠችን ሴት እንዳወጣሽው ይቆጠራል ብሎ ግብር አስከፍሏታል።

ለጡረታ ወርቅ ብዙም አልወድም። ወለድ የለው፣ ዲቪደንድ የለው፣ የማስቀመጫ ክፍያ ግን አለው። ቢሆንም ሮቴ ውስጥ ጥቂት አለኝ፣ ዋጋ በተናወጠ ቁጥር ልቤ ወደሱ ይሄዳል። ደመወዛችሁ ዛሬ በጣም ከፍተኛ ከሆነ ደግሞ የትራዲሽናል የግብር ቅናሽ፣ ከተፈቀደላችሁ፣ ሊሻላችሁ ይችላል፤ ያኔ ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሚወጣውን በጥሬ ገንዘብ እዚያው ተዉት። ኦቨርታይም በቀነሳችሁበት ወይም ትምህርት በገባችሁበት፣ ገቢያችሁና ግብራችሁ ዝቅ ባለበት ዓመት፣ ሳንቲሙን ሳትሸጡ ጥቂት በጥቂት ወደ ሮት ማዛወር ይቻላል። ግብሩን ግን ከወርቁ ሳይሆን ከሌላ ቁጠባ ክፈሉ።