አርባ ቃል ይዤ ባሕር ዳርቻ ሄድኩ

ጤና ይስጥልኝ፣

የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሴቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወንዱ አምስት። ባለፈው የእረፍት ቀን ከአባታቸው ጋር ሆነን ባሕር ዳርቻ ዋልን። እግረ መንገዳቸውን እንግሊዝኛ ይልመዱ ብዬ 40 ቃላት በወረቀት ጽፌ ነበር። ሳንድ፣ ዌቭ፣ ሼል፣ ታወል፣ ሾር፣ ኮስት... ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ጥያቄ ጀመርኩ። ትልቋ ጥቂት መለሰችልኝና ዝም አለች። ከሰዓት በኋላ ትንሹ ስንት የለፋበትን የአሸዋ ቤት ውሃ ወሰደበት። እሱ ያለቅሳል፣ እኔ ወረቀቴን ይዤ "ማዕበል በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?" እለዋለሁ። ይሄኔ ልጄ "እማዬ፣ ዛሬም ትምህርት ነው እንዴ?" አለችኝ። እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ማታ ስጠይቃቸው ከ40ው ያስታወሱት "ባኬት" እና "ኮልድ"ን ብቻ ነው። "ስፕላሽ"ን ግን ሁለቱም ያውቁታል። እሱን እኔ አልጻፍኩትም። አባታቸው ውሃ ሲረጫቸው እየጮኸ ያለው ነው። የእኔ እንግሊዝኛም ያን ያህል አይደለም፤ በአጠራሬ እንዳላበላሻቸው እፈራለሁ። ልተወው ወይስ ሌላ መንገድ አለው?

ውድ እህቴ፣

አትተዪው። ወረቀቱን ግን ተዪው።

መልሱን እኮ ራስሽ ጽፈሽልኛል። "ስፕላሽ"ን የሰሙት ውሃው ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ነው። ባልዲውን ቀኑን ሙሉ ይዘውታል፤ ቅዝቃዜው እግራቸውን ነክቷቸዋል። "ኮስት"ን ግን ማን ነካው?

ጄምስ አሸር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይህንኑ ወደ ማስተማሪያ ዘዴ ቀይሮታል። ተማሪው መጀመሪያ እንዲናገር አይገደድም። ትእዛዙን ይሰማል፣ በሰውነቱ ያደርገዋል። ንግግሩ ቆይቶ ይመጣል። ባሕር ዳርቻ ላይ ደግሞ የሚሠራ ነገር ሞልቷል። "ዲግ ኤ ሆል!" በይና አብረሽ ቆፍሪ። "ፊል ዘ ባኬት!" በይና ሙሉት። "ጃምፕ ኦቨር ዘ ዌቭ!" በይና እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ዝለሉ። አንቺ የጻፍሽላቸው ስም ብቻ ነው። ጨዋታ ግን ግስም ይፈልጋል። ኳሷ እንኳን ስንት ታስተምራለች! ኢን ዘ ዋተር፣ ኦን ዘ ሳንድ፣ አንደር ዘ አምብሬላ። በየሄደችበት ተከተሏት።

በአንድ ቀን ስድስት ሰባት ቃል ይበቃል። ሾር፣ ኮስት እና ቢችን አንድ ላይ አትስጫቸው፤ የሚቀራረቡ ቃላት አብረው ሲመጡ ይደበላለቃሉ። ለጊዜው ቢች ይበቃቸዋል።

አጠራርን በተመለከተ አትፍሪ። ልጆች ከብዙ አፍ ይሰማሉ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ቃሉን ከመሄድሽ በፊት በስልክሽ መዝገበ ቃላት አንዴ አድምጪው። አንድ ነገር ግን አደራ፤ "ቢች" ስትዪ "ኢ"ዋን ረዘም አድርጊያት። ካጠረች ስድብ ትሆናለች። በእኛ አፍ በቀላሉ ስለምታጥር ነው የምነግርሽ።

ሲሳሳቱ ደግሞ "ተሳሳትክ" አትበዪ። ልጁ "አይ ስዊምድ" ካለሽ፣ ደስ ብሎሽ "የስ፣ ዩ ስዋም!" በይው። ትክክለኛውን ሰማ፣ ወሬውም አልተቋረጠ።

አሁን ወደ አሸዋው ቤት ልመለስ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የቀረው እዚያ ነው። ያን ሰዓት ልጅሽ ፈተና አልፈለገም። ማቀፍ ነበረብሽ። ካቀፍሽው በኋላ ግን ራሱ "ውሃው ለምን መጣ?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። "ታይድ" የምትባለው ቃል፣ ማለትም የባሕር ውሃ ከፍና ዝቅ ማለት፣ ቦታዋ ያኔ ነው። በአብዛኛው ጨረቃ በስበቷ የባሕሩን ውሃ ታንቀሳቅሰዋለች፤ ፀሐይም ታግዛታለች። በብዙ ዳርቻዎች ውሃው ከፍ ካለ በኋላ እንደገና ከፍ እስኪል 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሲመጣ "ዘ ታይድ ኢዝ ካሚንግ ኢን"፣ ሲሸሽ "ዘ ታይድ ኢዝ ጎይንግ አውት" ይባላል። ቤቱን የወሰደበትን ነገር ስም የሚረሳ ልጅ አላውቅም።

ቀኑ ካለፈ በኋላ ያለውን ነገር ብዙ ወላጅ ይዘነጋዋል። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ አዲስ የተያዘ ነገር በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መሆኑን አሳይቷል። እሱ ራሱን ነው የፈተነው፣ ያውም ትርጉም በሌላቸው ቃላት። ቢሆንም ለእኛም ይጠቅመናል። ማታ አሸዋውን ከፎጣው ስታራግፊ "ሳንድ ኤቭሪዌር!" በይ። በማግስቱ ገላቸውን ሲታጠቡ ያቺን ባልዲ አስገቢላቸው። ከሳምንት በኋላ ፎቶዎቹን አውጪና ትልቋ ለትንሹ ትተርክለት። እሷ ዝም ያለችው ሰልችቷት አይመስለኝም፤ ፈተና ስለሆነባት ነው። አስተማሪዋ እሷ ስትሆን ታያታለሽ።

ሌላ ቀን ስትሄዱ ትንሹ የአሸዋ ቤቱን የት እንደሚሠራ ራሱ ይምረጥ። ከመጀመሩ በፊት ግን ወደ ውሃው ዞሮ "ኢዝ ዘ ታይድ ካሚንግ ኢን?" ብሎ ይጠይቅሽ። አንቺም አብረሽው እዪና መልሺለት።