የሥጋ ደዌ መድኃኒት ጨርሶ ጣቱ ለምን ታጠፈ?

እህቴ፣ ወንድምሽ የሥጋ ደዌ መድኃኒቱን ከጨረሰ ሁለት ወሩ ነው፤ አሁን እጁ ደንዝዞ ትንሿ ጣቱ መታጠፍ ጀመረች ብለሻል። ባክቴሪያው ነርቭ ውስጥ እንዴት እንደሚገባና የሚከለክለው ነገር እንዳለም ጠይቀሻል። እኔ በሥጋ ደዌ ክሊኒክ ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ከሁሉ በፊት ግን ነገ ጠዋት ወደታከመበት ይመለስ፤ ቀጠሮ አይጠብቅ።

ባክቴሪያው ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ይስማማዋል። ለዚህ ነው በክርን፣ በጉልበት ጎንና በቁርጭምጭሚት፣ ለቆዳ ቀርበው የሚያልፉት ነርቮች የሚጎዱት። ነርቩን እንደ ሽቦ ልባስ የሚጠቀልሉት ሽዋን የሚባሉ ሴሎች ናቸው። በዙሪያቸው ላሚኒን-2 የተባለ ፕሮቲን አለ። ባክቴሪያው ገላው ላይ ባለው ፒጂኤል-1 በሚባል ቅባት እዚህ ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል፤ ፕሮቲኑ ደግሞ ሴሉ ላይ ካለው ዲስትሮግላይካን ጋር የተያያዘ ስለሆነ በዚያው ተንጠላጥሎ ይገባል። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ባክቴሪያው ኧርብቢ-2 የተባለውን የሴል ተቀባይ ቀስቅሶ ልባሱን እንደሚያስልጥ፣ ተቀባዩን የሚያግዱ ውሁዶችም ጉዳቱን እንደሚቀንሱ በላቦራቶሪ አሳይቷል። ይህ ግን ለታማሚ የሚታዘዝ መድኃኒት አልሆነም።

ታዲያ መድኃኒቱን ጨርሶ ለምን ደነዘዘ? ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን ባክቴሪያውን ይገድሉታል፤ ሬሳው ግን ነርቩ ውስጥ ይቆያል። ሰውነት እሱን ሲዋጋ ነርቩ ያብጣል፣ ጠባብ ሽፋኑ ውስጥ ይታፈናል። እኛ ሪአክሽን የምንለው ይህንን ነው፤ መድኃኒት ካለቀ በኋላም ይመጣል። የሚያስቆመው ፕሬድኒሶሎን የሚባለው እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ነው፣ ጉዳቱ 6 ወር ሳይሞላው ከተጀመረ።

አንድ ገበሬ አስታውሳለሁ፤ የጋለ ጀበና ይዞ መዳፉ ተቃጥሎ ነበር የመጣው፣ መቃጠሉን ያወቀው ሲሸተው ነው። ዓይኑን አስጨፍኜ በእስክሪብቶ ጫፍ የትንሿን ጣት ሥር ስነካው "ጀምሪ እንጂ" አለኝ። መደንዘዝ ከጀመረው ወር ተኩል ነበር። ፕሬድኒሶሎን ጀመረ፤ በሦስተኛው ወር በትንሿና በቀለበት ጣቱ መካከል ያስያዝኩትን ወረቀት ስስብበት አልለቅም አለ። ዓመት ቆይታ የመጣች ሴት ግን ያንኑ መድኃኒት ወስዳ ጣቷ አልተመለሰችም። ዛሬም ሳስባት ያንገበግበኛል።

ወንድምሽንም ማታ እንዲሁ ፈትኚው፤ በእስክሪብቶም፣ በወረቀትም። ክርኑን ከውስጥ በኩል ስትጫኚው ካመመው ንገሪያቸው። ፕሬድኒሶሎኑን ከፋርማሲ ገዝቶ እንዳይጀምር፣ ከጀመረም በራሱ እንዳያቋርጥ፤ መጠኑ ቀስ በቀስ ነው የሚወርደው። እስኪድን ድስትና ጀበና በጨርቅ ይያዝ።

ባክቴሪያው ገና ነርቭ ሳይነካ መከልከል የሚቻለው ግን በእናንተ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከታማሚ ጋር ለሚኖሩ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ሪፋምፒሲን ይመክራል፤ አስቀድሞ የሥጋ ደዌና የቲቢ ምርመራ ይደረጋል። ስለዚህ ነገ ሲሄድ አንቺም ልጆቹም አብራችሁት ሂዱ።